ስለ ሐሰተኛው ምስክርና ስለ እኅታችን ስድስት ወራት

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባችን የአንዲት አባላችን ጉዳይ በአጀንዳ ተይዞ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ይህ ማኅበር የተቋቋመው ለመኖሪያ ፈቃድ፣ ለነፃ ትምህርት ዕድል ክፍያና ለበዓል ዝግጅት ነው እንጂ ለፕሮቲን አይደለም» ሲል ተናገረ። ቤቱ በሣቅ ተሞላ። ሐቁን ለመናገር ከሣቁት መካከል ይህን ጽሑፍ የምናዘጋጀው እኛም ነበርን። ወደየመኝታ ቤታችን ከተመለስን በኋላ ግን ሣቁ አልጣመንም። ምክንያቱም በእኅታችን ላይ የደረሰው ነገር፣ በሕይወት ሳይንስ ዘርፍ በምንማረው ሁሉ ላይ ነገ የሚደርስ ነው። ምናልባትም ደርሶ ሳናውቀው አልፏል። ስለዚህ ያን ዕለት በሦስት ደቂቃ ያለፍነውን ጉዳይ እዚህ ረጋ ብለን ልናብራራውና አቋማችንን ልናስታውቅ ወደድን። የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ያልሆናችሁ አንባብያን ጥቂት ታገሡን።

ስብና ውሃ እንደማይዋደዱ ማንም ወጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። በሕዋስም ውስጥ ነገሩ ያው ነው። የሕዋስ ውስጡ አብዛኛው ውሃ ሲሆን፣ ለጉልበትና ለግንባታ የሚያስፈልገው የስብ አሲድ ግን ከውሃ ጋር አይስማማም። ስለሆነም ተሸካሚ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ሮበርት ኦክነርና ባልደረቦቹ በአንጀት፣ በጉበት፣ በልብና በሌሎችም የአካል ክፍሎች ውስጥ ይህን ሸክም የሚሸከም ትንሽ ፕሮቲን መኖሩን አስታወቁ። የስብ አሲድ ያዥ ፕሮቲን የሚባለው ይህ ነው፤ በአጭሩ ኤፍኤቢፒ ይሉታል። በመርካቶ ኩሊ ብንመስለው አያስነውርም፤ ጭነቱን ከበር ተቀብሎ ውስጥ ለውስጥ ያደርሳልና። ቅርጹ በርሜል ይመስላል። አሥር ሪባን መሳይ ክሮች ጎን ለጎን ታጥፈው ግድግዳውን ይሠራሉ፤ ሁለት አጫጭር ጥምዝማዞች ደግሞ ከላይ እንደ ክዳን ይቀመጣሉ። የስብ አሲዱ በርሜሉ ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

ችግሩ የሚጀምረው ግን ኩሊው አንድ ሰው አለመሆኑ ላይ ነው። በኋላ እንደታወቀው እነዚህ ፕሮቲኖች አንድ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው። ቁጥር 1 የጉበት፣ ቁጥር 2 የአንጀት፣ ቁጥር 3 የልብ፣ ቁጥር 4 የስብ ሕዋስ፣ ቁጥር 5 የቆዳ፣ ቁጥር 7 የአንጎል እየተባሉ ይጠራሉ። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ እንዲሉ፣ እነዚህ ስሞች ከሚገልጹት የሚደብቁት ይበልጣል። «የልብ» የተባለው በእጅና በእግር ጡንቻም በኩላሊትም ይገኛል። «የቆዳ» የተባለው ቁጥር 5 በስብ ሕዋስም፣ ማክሮፋጅ በተባሉት ተሕዋስያንን በሚውጡ የመከላከያ ሕዋሳትም ውስጥ ይኖራል። ቁጥር 4 እና ቁጥር 5 ከተሠሩባቸው አሚኖ አሲዶች ከግማሽ የሚበልጡት በተመሳሳይ ቦታ አንድ ዓይነት ናቸው። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ ክብደታቸው ነው። ሁለቱም ወደ 15 ኪሎዳልተን ገደማ ይመዝናሉ። ይህችን ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ የነገሩ ሁሉ ጠንቅ እርሷ ነች።

አሁን ወደ ምስክሩ እንምጣ። በሕዋስ ውስጥ ያለን ፕሮቲን በዐይን ማየት አይቻልም። ስለዚህ ያን ፕሮቲን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል፣ በተለምዶ አንቲቦዲ የምንለውን፣ እንገዛለን። ፕሮቲኑ ጥንቸል ይወጋል፤ የጥንቸሏ ሰውነት እንደ ጠላት ቆጥሮት ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ከደሟ ተጣርቶ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣልናል። ብዙውን ጊዜ መቶ ማይክሮሊትር ነው፤ ሁለት ጠብታ ያህል መሆኑ ነው። ዋጋው በአብዛኛው ከሦስት መቶ እስከ ስድስት መቶ ዶላር ይደርሳል። ይህች ሁለት ጠብታ «አዎ፣ እዚህ ቁጥር 4 አለ» ብላ ትመሰክራለች፤ እኛም በእርሷ ቃል ጽሑፍ እንጽፋለን፣ ዲግሪ እንቀበላለን።

እኅታችን የምትመረምረው ማክሮፋጆች ፓልሚቲክ አሲድ የተባለውን የስብ አሲድ ሲመገቡ ቁጥር 4 ይጨምር እንደሆነ ነው። ጥያቄው ቧልት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 በቱርክ የተወለደው ጎክሃን ሆታሚሽሊጊልና ባልደረቦቹ ቁጥር 4 ጂን የሌላቸውን አይጦች በቅባት ሲያወፍሩ፣ እንስሶቹ ወፈሩ እንጂ እንደ ሌሎቹ ወፍራም አይጦች ኢንሱሊን የመቋቋም ችግር አልያዛቸውም። ከዚያ ወዲህ ይህ ፕሮቲን የስኳር በሽታና የደም ሥር መጥበብ ተመራማሪዎች ዐይን ያረፈበት ሆኗል። የስኳር በሽታ ደግሞ በየቤታችን የገባ ነው፤ ማስረዳት አያሻንም።

በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ብልቃጥ ሠራች። ብልቃጡ ሲያልቅ ከዚያው ድርጅት፣ በዚያው የካታሎግ ቁጥር፣ ሁለተኛ አዘዘች። በሁለተኛው ብልቃጥ ስትሠራ ጄሉ ላይ የሚታየው ጥቁር መስመር ወፈረ። የፕሮቲኑ መጠን ካምናው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። እሰየው አልን! ቡና አፍልተን ተደሰትን። ለጉባኤም አጭር ጽሑፍ ላከች። ቀጥሎ ደንቡ እንደሚያዝዘው የቁጥር 4ን ጂን ድምፅ በሰው ሠራሽ አር ኤን ኤ አፈነችና መስመሩ ይጠፋ እንደሆነ ተመለከተች። የጂኑ መልእክት በፒሲአር ሲለካ በእርግጥ ወርዷል። መስመሩ ግን አልጠፋም፤ ጥቂት ብቻ ሳሳ።

እዚህ ላይ ነው ሂሳችን የሚጀምረው። አማካሪዋ ዘንድ ስትቀርብ የተሰጣት መልስ «እጅሽ ገና አልሰላም፤ ድገሚው» የሚል ነበር። ደገመችው። አምስት ወር ሙሉ ደገመችው። ሌሊት ከቤተ ሙከራ ስትመለስ በጥበቃው በር የምናገኛት እኛ ነን፤ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር እናውቃለን። ስለ ብልቃጡ የጠየቀ ግን አልነበረም። የምርት መግለጫው ወረቀት «ቁጥር 4ን ለይቶ ይይዛል» ይላልና። ተማሪዋ ትጠረጠራለች፤ ወረቀቱ አይጠረጠርም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

ግለ ሂስም ይገባናል። እኛ ጓደኞቿ በበኩላችን ጥፋቱን በጉምሩክ ላይ ጣልን። ዕቃው ሐሙስ ማታ ከአውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ እስከ እሑድ ስለቆየና በረዶው ቀልጦ ስለተገኘ፣ «ሙቀቱ ገደለው» ብለን ደመደምን። ይህን ባልን ጊዜ አንድ ተራ ነገር ዘነጋን። በሙቀት የተበላሸ ፀረ እንግዳ አካል ሥራውን ያቆማል ወይም ይደክማል፤ የእርሷ ግን ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ ይሠራ ነበር። ደግሞም እነዚህ ነገሮች ከሚወራው በላይ ጠንካሮች ናቸው። ለጥቂት ቀናት ሙቀት ብዙዎቹ አይበገሩም።

ነገሩን የፈታችው በሌላ ክፍል የምትሠራ አንዲት ታላቅ እኅት ነች። እርሷ ለራሷ ሥራ ቁጥር 3ን፣ ቁጥር 4ንና ቁጥር 5ን በባክቴርያ አስመርታ አጣርታ አስቀምጣ ነበር። ሦስቱን ጎን ለጎን ጄል ላይ አስኬዱ፤ በአንደኛው ወገን ከአሮጌው ብልቃጥ በተረፈችው ጠብታ፣ በሌላው ወገን በአዲሱ ፈተኑ። አሮጌው ቁጥር 4ን አጥቁሮ ቁጥር 5ን እንደ ጥላ ብቻ አሳየ። አዲሱ ግን ሁለቱንም እኩል አጠቆራቸው። ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። አምስት ወርና አንድ ቀን ተኩል!

ለካስ የካታሎጉ ቁጥር አንድ ይሁን እንጂ የሎት ቁጥሩ ሌላ ነበር። የሎት ቁጥር ሲለወጥ ጥንቸሏ ተለውጣለች ማለት ሊሆን ይችላል። ያችው ጥንቸል ብትሆንም እንኳ ደሟ የተቀዳበት ቀን ሌላ ነው። ፖሊክሎናል የሚባለው ዓይነት የብዙ ልዩ ልዩ ፀረ እንግዳ አካላት ድብልቅ ስለሆነ፣ አንዷ ጥንቸል የሰጠችውን ሌላዋ በትክክል አትደግመውም። ጥንቸሏ ስትሞት ያ ምስክር ለዘለዓለም አብሯት ይቀበራል። በማክሮፋጅ ውስጥ ደግሞ ቁጥር 5 ሞልቷል። እኅታችን በሁለተኛው ዓመት «ቁጥር 4» ብላ የለካችው የሁለቱን ድምር ነበር። የቁጥር 4ን ጂን ስታፍን መስመሩ ያልጠፋው እጇ ስላልሰላ አይደለም፤ ቁጥር 5 ቦታውን አልለቀቀም ነበር። እጇስ ከመጀመሪያው ትክክል ነበር።

ይህን ለምን አልደረስንበትም? በዌስተርን ብሎት ሥራ አንድ የታወቀ መጠባበቂያ አለ። ምስክሩ የተሳሳተ ፕሮቲን ቢይዝ፣ መስመሩ በሌላ ክብደት ላይ ስለሚታይ ያጋልጠዋል። በአብዛኛው ፕሮቲን ዘንድ ይህ በቂ ባይሆንም ይረዳል። በዚህ ቤተሰብ ዘንድ ግን ዋጋ የለውም። ሁሉም 15 ኪሎዳልተን አካባቢ ተደራርበው ይቆማሉና። «አንድ ንጹሕ መስመር ብቻ አየሁ» ማለት እዚህ ምንም ማለት አይደለም። ከላይ የጠቀስናቸው የ1996 አይጦች ይህን ይበልጥ ያስተምራሉ። በእነርሱ የስብ ሕዋስ ውስጥ ቁጥር 4 ሲጠፋ ቁጥር 5 በፋንታው ጨምሮ ተገኝቷል። ሁለቱን የማይለይ ምስክር ወደዚያ አይጥ ቢቀርብ፣ ጂኑ ጭራሽ በሌለው እንስሳ ውስጥ «ቁጥር 4 አለ» ብሎ ይምላል ማለት ነው። (በዚህ አጋጣሚ ለጀማሪዎች፦ እንዲህ ትናንሽ ፕሮቲኖች ባለ 0.45 ማይክሮን ሜምብሬን ሾልከው ያልፋሉ፤ ባለ 0.2ውን ተጠቀሙ። ይህንንም የነገረን አልነበረም።)

ይህ የአንድ ክፍል ወይም የአንድ ድርጅት ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀለም ባላባከንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድሪው ብራድበሪና አንድሪያስ ፕሉክቱን ከ100 ከሚበልጡ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ለምርምር የሚሸጡ ፀረ እንግዳ አካላት በአሠራር ቅደም ተከተላቸው ተለይተው እንዲታወቁና በእንስሳ ሳይሆን በጂን ጥበብ እንዲመረቱ ኔቸር በተባለው መጽሔት ጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ሞንትሪያልን ማዕከሉ ያደረገ አንድ ቡድን በ65 ፕሮቲኖች ላይ የሚሠሩ 614 የገበያ ፀረ እንግዳ አካላትን፣ ጂኑ በተነቀለባቸው ሕዋሳት ላይ ፈትኖ ውጤቱን አወጣ። በአማካይ ለአንድ ፕሮቲን ወደ 12 የሚሆኑ የታተሙ ጽሑፎች ዒላማውን በማያውቅ ምስክር ላይ የተመሠረተ ማስረጃ ይዘው ተገኝተዋል። እነዚያ ጽሑፎች ዛሬም ይነበባሉ፤ ዛሬም ይጠቀሳሉ። ከኋላቸው ስንት ተማሪ «እጅህ አልሰላም» ተብሎ እንደተመለሰ ግን የትም አልተጻፈም።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ ግድግዳም ያልፋል። ቁጥር 3 ልብ ሲጎዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ደም ስለሚወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ የልብ ድካም ምልክት እንዲሆን ሐሳብ ቀርቦበታል፤ በፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩ መመርመሪያዎችም ወጥተውለታል። ሐኪም ፊት የሚቆመውም ምስክር ከዚሁ ዘር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴዛር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድን ፀረ እንግዳ አካል ብቻ ሳይለዋወጥ ያለማቋረጥ የሚያመርት ሕዋስ የፈጠሩ ጊዜ፣ ይህ ሁሉ ችግር ያበቃ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ከኒልስ የርነ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ዘዴው የባለቤትነት መብት ስላልወጣለት ዓለም ሁሉ በነፃ ተጠቀመበት። ሞኖክሎናል የሚባለው ያ ነው፤ ሎት በተለወጠ ቁጥር ጠባዩ አይለዋወጥም። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት መሆን እውነተኛ መሆን አይደለም። ቁጥር 4 እና 5 የሚጋሩትን ገጽ የሚይዝ ሞኖክሎናል ሳይለዋወጥ፣ በታማኝነት፣ ለዘለዓለም ይዋሻል። ስለዚህ «ሞኖክሎናል እንግዛ» ብቻውን መልስ አይሆንም፤ የተገዛው ሁሉ ይፈተን ነው የምንለው።

በስብሰባው ላይ ያሣቀን ወንድማችን፣ እርሱ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ነው፣ ይህን ሁሉ በኋላ ስንነግረው ዝም ብሎ አዳመጠና «እኛ እኮ ሲሚንቶው የፋብሪካ ወረቀት ይዞ ቢመጣም ከየሙሌቱ ኩብ ሠርተን በ28ኛው ቀን እንሰብረዋለን፤ እናንተ ሳትሰብሩ ነው የምትገነቡት?» አለን። መልስ አልነበረንም።

ድርጅቱ ለእኅታችን አቤቱታ በትሕትና መልስ ሰጥቷል፤ ሌላ ብልቃጥ ወይም ገንዘቧን መርጣ መውሰድ ትችላለች። የብልቃጡን ዋጋ ይመልሳሉ፤ ዓመቱን ማን ይመልሳል? የነፃ ትምህርት ዕድሏ ጊዜ ሊያበቃ ቀርቧል፤ የመኖሪያ ፈቃዷም የተንጠለጠለው በተማሪነቷ ላይ ነው። ስድስት ወር እንዲራዘምላት ብትጠይቅ፣ ትምህርት ክፍሉ «የሙከራ አለመሳካት ለማራዘሚያ ምክንያት አይሆንም» አላት። እኛ ግን ሙከራው አልተሳካም የሚለውን አንቀበልም። ሙከራዋ ተሳክቷል፤ ምስክሩ ሐሰተኛ መሆኑን ያረጋገጠ ሙከራ ነውና። እርሷ ማንም ሳያስገድዳት ለጉባኤው የላከችውን ጽሑፍ ራሷ ደብዳቤ ጽፋ አንሥታለች። ዝም ብትል ኖሮ በዚያ ወፍራም መስመር ተመርቃ አገሯ በገባች ነበር። ዝም እንድትል የመከሯትም አሉ፤ ከእኛው መካከል መሆናቸውን ስንጽፍ እናፍራለን። ሐሰት የጻፈ በጊዜው ተመርቆ፣ እውነት የተናገረ ፈቃዱ ተቃጥሎ የሚባረርበት ደንብ፣ ለዩኒቨርሲቲው ራሱ አይበጅም።

እኛ የምንጠይቀው ሰማይ የሚያስነካ አይደለም። ማንኛውም የምርምር ተማሪ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ምስክሩን የሚፈትንበት አንድ ወር ይታሰብለት፤ ወሩም እንደ ሥራ እንጂ እንደ መዘግየት አይቆጠር። ለአንድ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የሚበቃ ከአንድ ሎት በአንድ ጊዜ ተገዝቶ በየትንሹ ተከፋፍሎ ይቀመጥ። የቤተሰቡ ፕሮቲኖች ከየክፍሉ ተሰብስበው በአንድ ማቀዝቀዣ ይኑሩ። 15 ኪሎዳልተን የሚያህል ፕሮቲን በባክቴርያ ማስመረት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ እኅታችን እንዳደረገችው በአንድ ቀን ተኩል ያስፈትናል። ብቻ ጥንቃቄ አለው፤ ለማጣራት ሲባል ጅራት የሚቀጠልበት ፕሮቲን ስላለ፣ ምስክሩ ፕሮቲኑን ሳይሆን ጅራቱን ይዞ እንዳያታልላችሁ፣ ሌላ ጅራታም ፕሮቲን አብራችሁ አስኪዱ።

ደግሞስ ነገ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ወይም ጅማ ገብተን ስናስተምር ምን ልንሆን ነው? እዚህ አንዱ ብልቃጥ ቢያታልለን ሌላ ይታዘዛል። እዚያ የውጭ ምንዛሪ ተለምኖ፣ ወራት ተጠብቆ የሚመጣው ብልቃጥ አንድ ነው። ሦስት አማራጭ ገዝቶ የሚያወዳድር ቤተ ሙከራ ስንት ይገኛል? መፈተንን እዚህ ካልተማርነው እዚያ አንማረውም። የምናስተምራቸው ወጣቶችም ስሕተታችንን በዲግሪያችን ማኅተም ታትሞ ይወርሱታል።

ለማራዘሚያው የሚቀርበው ማመልከቻ ተዘጋጅቷል። የሚመለከተው ጉባኤ ከመሰብሰቡ በፊት የቻልነውን ያህል ፊርማ ልናሰባስብ ይገባናል፤ ፊርማው የሳይንስ ተማሪ መሆንን አይጠይቅም፤ የምሕንድስናው ወንድማችንም ሁለተኛው ላይ ፈርሟል። ከማመልከቻው ጎን አንድ ትልቅ መዝገብ አስቀምጠናል። በየቤተ ሙከራው የምትጠቀሙበትን ፀረ እንግዳ አካል፣ የሎት ቁጥሩን፣ የፈተናችሁበትን መንገድና ያገኛችሁትን፣ ክፉውንም ደጉንም ጻፉበት። የመጀመሪያውን ገጽ እኅታችን በገዛ እጇ ሞልታዋለች። ቁጥር 7 ያለው ሰው ካለም ጥቂት እንዲያበድረን እንለምናለን፤ እርሱን ገና አልፈተንንበትም። መዝገቡም ማመልከቻውም በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በክር ታስሯል።